ድምፅህ ያለበት ክፍል

ውድ ደላላዬ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ይኸው አለሁ፤ ካሉት በታች፣ ከሞቱት በላይ። አለቃችን "እናንተ ደላሎች፣ ዛሬስ ቤት ተገኘ?" እያለ ሲያላግጥብን የወጣልህ ስም እኔ አፍ ላይ ቀርቷል። መስኮቱ ጋ ያለው ወንበርህ ላይ የሽቦ ካርቶን ተከምሮበታል።

ለነገሩ ሥራችን ለኮድ ቤት መፈለግ፣ የድለላ ነበር። ለዓይነ ስውራን የሠራናት በአንተ ድምፅ የምትናገረው ቴርሞሜትር ቺፗ ትንሽ፣ ሜሞሪዋ በክፍል በክፍል የተከፋፈለ፣ አንዱ ክፍል ሲከፈት ሌላው የሚዘጋ፤ ሁሌ ክፍት የሆነችው ያቺ "ሳሎን" ያልናት ጠባብ ቦታ ብቻ። መጀመሪያ ሰሞን ክፍል የሚቀይረውን ኮድ ሳሎን በማስቀመጥ ፈንታ ከሚዘጉት ክፍሎች አንዱ ውስጥ ከተትኩት። ቀጣዩን ክፍል ሲከፍት የራሱ ተዘጋበትና መሣሪያዋ ድርቅ ብላ ቀረች። "እሜቴ፣ በረኛውን ጓዳ ቆልፈሽበት ማን በር ይክፈትልሽ?" ብለህ በሳቅ ፈረስክ። ሳቅህ ናፍቆኛል። ምን እደብቅሃለሁ፣ አንተ ራስህ ናፍቀኸኛል።

አሁን ደግሞ አለቃችን ቴርሞሜትሯ የለካችውን ወደ ሐኪም ስልክ ትላክ አለ። የመላኪያው ላይብረሪ፣ ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት ኮድ፣ አያድርስ ነው፤ አንዱን ስትጠራው ዘመድ አዝማዱን አስከትሎ ይመጣል፣ ቦታ አልበቃ አለ።

"የሰውየው ድምፅ ይውጣ" አለኝ አለቃችን። "ሲናገር ይጎተታል፣ ሁለት ክፍል ይዟል። ፈጠን የምትል ልጅ እናስቀዳለን።"

ሰውየው አለህ እኮ፤ ስምህን እንኳ አልጠራም። "ድምፁ አይወጣም፣ እኔ አስገባዋለሁ" አልኩት።

እንዴት እንደለፋሁ አትጠይቀኝ። የሚጠራሩትን ኮዶች አጎራበትኩ፣ ማንም የማይጠራቸውን አስወጣሁ፣ ሳሎን ካልተቀመጥን ያሉትን ለምኜ ጓዳ አስገባሁ። በየመሃሉ መሣሪያዋን ብብቴ ውስጥ እከታታለሁ። "ሠላሳ ስድስት" ስትል ስድስቷ ላይ ድምፅህ ዝቅ ይላል። የቢሮው ልጆች እንዳመመኝ ጠርጥረው ቤትሽ ሂጂ ይሉኛል።

በመጨረሻ አንድ ቃል የሚያህል ቦታ ጎደለኝ። የቀዳሃቸውን ቃላት አንድ በአንድ አዳመጥኩ። ቁጥር አይነካም፤ "ትኩሳት አለ" የሚለውም አይነካም። የተረፈው መሣሪያዋ ስትጠፋ የምትለው "ደህና ሁኑ" ነው። ሰፊ ሜሞሪ ያለበት ሥራ አገኘሁ ብለህ ስትሄድ ለእኔም ያንኑ ነበር ያልከኝ። እኔም "አትሂድ" ምላሴ ላይ እያለ "ደህና ሁን" አልኩህ። ቃሉን ስሰርዘው እውነት ለመናገር ቅር አላለኝም። ላይብረሪው ገባ።

ትናንት መሣሪያዎቻችንን የሚሞክሩልን ዓይነ ስውሯ የስልክ ኦፕሬተር፣ እትዬ፣ መጥተው ነበር። ሙቀታቸውን ለክተው አጠፏትና ጆሯቸውን አስጠግተው ጠበቁ።

"ሰውየው ዛሬ ሳይሰናበት ዝም አለሳ?"

"አዎ፣ እትዬ።"

"እንግዲያው ይመለሳል ማለት ነዋ።"

"ይመለሳል" አልኳቸው።

ዋሽቼያቸው ከሆነ ጻፍልኝ፣ ሄጄ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ። ካልዋሸሁ ግን መጻፉን ተወውና ና።

እሜቴህ