ከባቡሩ ማን ወረደ?

ለክቡር የተንቀሳቃሽ ሲኒማ ፊልም መርማሪ ሹም፤
ካሉበት ይድረስ።

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔና የንፋስ መውጫ ሕዝብ፣ ከስማዳና ከእስቴም ፊልም ለማየት በእግሩ የሚመጣው ወገናችን ጭምር፣ ለክቡርነትዎ ሙሉ ጤና እንመኛለን። በተለይ ዓይኖችዎን እግዚአብሔር ይጠብቅልን። እኛ እንዳናይ ስለ እኛ ሆነው የሚያዩልን ዓይኖች ናቸውና ቢታመሙ የምንጎዳው እኛው ነን። ቀኝ እጅዎም ከነመቀሱ ደኅና ይሁንልን።

ከዚህ ቀደም አሽጌ የላክኋቸው ደብዳቤዎች እንደ ታሸጉ መቅረታቸውን ስለ ተረዳሁ፣ ክቡርነትዎን ከመክፈት ድካም ላድን ብዬ ይህኛውን ክፍት አድርጌ ጽፌዋለሁ። ግልባጩንም ፊልሙ በሚታይበት በነጋዴው በሸሪፍ የእህል መጋዘን በር ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ማንበብ የሚችለው ለማይችለው እያነበበለት ነው። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ይላል ያገራችን ሰው። ስለ መቀስ ግን የተባለ ነገር ባለማግኘቴ ደፈርሁ።

ማንነቴን ልናገር። በቤተ ልሔም ድጓ ተምሬ ያስመሰከርሁ መሪጌታ ቀለመወርቅ እባላለሁ። የምኖረው ንፋስ መውጫ፣ ከታላቅ እኅቴ ከጌጤ ቤት አጠገብ ነው። ቤቷ አለ፣ እርሷ ግን የለችም። ክቡርነትዎን የማስቸግረውም በእርሷ ነገር ነው።

አስቀድሜ ምስጋናዬን ላቅርብ። የሲኒማው መኪና በየዓመቱ አዝመራው ሲሰበሰብ፣ ጣልያን በጠረገው መንገድ ከደብረ ታቦር በኩል እየተንገጫገጨ ይደርስልናል። መኪናውን የሚነዳው፣ መሣሪያውን የሚያዞረው፣ የፈረንጁንም ቋንቋ ወደ አማርኛ የሚመልስልን አስማረ የሚባል አንድ ቅን ሰው ነው። የመጋዘኑን መስኮቶች በጆንያ ጋርደን ቀኑን እናጨልምና፣ ጤፍና ገብስ በተከመረበት መካከል ተቀምጠን የአሜሪካንን ነገር እናያለን። በመጀመሪያው ዓመት ፊልሙ ገና ሲጀምር በክብ ቀለበት ውስጥ አንበሳ ብቅ ብሎ ቢያገሣ፣ የጃንሆይ አንበሳ መስሎን ሁላችንም ብድግ ብለን አደግድገን ቆምን። አስማረም እየሳቀ የኩባንያ ምልክት መሆኑን፣ ኩባንያውም ሆሊውድ በሚባል ከተማ እንደሚገኝ፣ ተዋንያኑንም እንደ ጭሰኛ በውል አስሮ እንደሚያሠራቸው አስረዳን። ሽማግሌዎቻችን ግን ዛሬም አንበሳው ባገሣ ቁጥር ይቆማሉ፤ የማንም ቢሆን አንበሳ አንበሳ ነው ይላሉ። ይህን ታማኝነታችንን ክቡርነትዎ ለሚመለከተው ቢያሳውቁልን ደስ ይለናል።

ፊልሞቹ አሜሪካኖቹ ከሃያ ዓመት በፊት አይተው የጨረሷቸው፣ እንደ ሰልባጅ ኮት ብዙ ትከሻ ላይ ውለው ወደ እኛ የደረሱ ናቸው። በዚህም ቅሬታ የለንም። ድጓ የተማረ ሰው መድገምን አይንቅም። ጎረቤታችን አስካለ ብቻ ትንሽ ተቀይማለች። በአንደኛው ፊልም ተወግቶ ለሞተ ጎልማሳ ደረቷን እየመታች አልቅሳለት ስታበቃ፣ በሚቀጥለው ፊልም ያው ሰውዬ ፈረስ ላይ ተቀምጦ ሲስቅ አየችው። እንባዬን በልቶ የሚስቅ ሰው ዳግመኛ ዓይኑን አላየውም ብላ ምላ ወጣች፤ እስከ ዛሬም አልተመለሰች።

አሁን ወደ አቤቱታዬ ልግባ። መሥሪያ ቤት ቁጥር ይወዳል ሲባል ስለ ሰማሁ በቁጥር አደርገዋለሁ።

አንደኛ፤ በየዓመቱ ሳይቀር ከሚመጡልን ፊልሞች አንዱ የአንዲት መበለት ታሪክ ነው። ጸጉሯ የነጣ፣ አንድ ልጅ ብቻ ያላት ፈረንጅ ናት። ልጅዋ ጦር ሜዳ ይሄድና ወሬው ይጠፋል። እርሷም በየማታው የልጅዋን ካፖርት በክንዷ ይዛ ወደ ባቡር ጣቢያ ትወርዳለች። ባቡሩ ይመጣል፣ ሰው ይወርዳል፣ ልጅዋ የለም፤ ካፖርቱን ይዛ ትመለሳለች። ጎረቤቶቿ አብዳለች ይላሉ። በመጀመሪያው ዓመት ባቡር አይተን ስለማናውቅ ያየነው ባቡሩን ብቻ ነበር። በሁለተኛው ዓመት የሴትዮዋን ፊት አየነው። በሦስተኛው ደግሞ ለልጅዋ በየማታው ማዕድ ላይ የምታስቀምጠውን ባዶ ሳህን አየን፤ ከዚያ በፊት የት እንደ ነበረ እንጃ። በመጨረሻ አንድ በረዶ የሚወርድበት ቀን ባቡሩ ይቆማል፣ በሩ ይከፈታል፣ የአንድ ሰው ጫማ ደረጃው ላይ ያርፋል፤ ሴትዮዋም ካፖርቱን ከእጇ ትጥላለች። ከዚያ በኋላ ጨርቁ ነጭ ይሆናል። አስማረ መሣሪያውን ያጠፋል፣ ጆንያው ከመስኮት ይነሣል፣ እኛም ፀሐይ ዓይናችንን እየወጋን ወደየቤታችን እንሄዳለን።

የቀረው የት ሄደ ብለን ብንጠይቅ፣ በመጨረሻው ላይ መሳሳም ስላለበት ለሕዝቡ ግብረ ገብ ሲባል በክቡርነትዎ ትእዛዝ ተቆርጧል ተባልን። አስማረም ወደዚህ ሥራ የገባው ከተቆረጠ በኋላ ነውና መጨረሻውን አላየውም። ስለ ግብረ ገባችን መጨነቅዎን ከልብ እናመሰግናለን። ቤተ ክርስቲያን ደርሰን ደጁን፣ ቄስ አግኝተን መስቀሉን፣ ዘመድ ከመንገድ ሲገባ ጉንጩን እስኪታክተው ድረስ የምንስም ሰዎች ፈረንጅ ሲሳሳም ብናይ ምን ልንሆን እንደምንችል ያወቁት እርስዎ ነዎት። ሰው ከሰው ጋር በሽጉጥ ሲጋደል ግን አንዲት ክር ሳትቆረጥ እንድናይ ፈቅደውልናል። ይህም ለግብረ ገባችን ሳይበጅ አልቀረም።

ሁለተኛ፤ እኅቴ ጌጤ እንደዚያች ፈረንጅ አንድ ልጅ ብቻ ነበራት፤ ዋሴ ይባላል። ክብር ዘበኛ ተቀጥሮ አዲስ አበባ ገባ፤ ከታኅሣሡ ግርግር ወዲህ ወሬው ጠፋ። ሞተ ያለን የለም፣ አለ ያለንም የለም። ብንጠይቅ አትጠይቁ ተባልን። ክቡርነትዎ የከተማ ሰው ስለሆኑ ባያውቁት አይፈረድብዎትም እንጂ፣ በእኛ አገር መርዶ ያልተነገረለት ሰው አይለቀስለትም። ሊነጋ ሲል ሽማግሌዎች ተሰብስበው ገብተው ቁርጡን ይናገራሉ፤ እናት የምትጮኸው ያን ጊዜ ነው፤ ጥቁር የምትለብሰው፣ ሰው የሚያስተዛዝናት፣ ውሎ አድሮም የምትጽናናው ከዚያ በኋላ ነው። መርዶ የቀረባት እናት ግን ሐዘንተኛ እንዳትባል አልተረዳች፣ ደኅና እንዳትባል ልጅዋ የለ። እኅቴ ለቅሶ ቤት ስትሄድ በሰው ለቅሶ የራሷን ታለቅሳለች እየተባለች ታማች። ሠርግ መሄዱንም ተወችው።

ፊልሙን ለሁለተኛ ጊዜ ባየንበት ዓመት፣ እኔም ያለሁበት ሽማግሌዎች ተማክረን፣ ወረቀት ባይኖርም መርዶውን እንንገራትና ትረፍ ብለን ሊነጋጋ ሲል ከቤቷ ገባን። ገና ስታየን ነገሩ ገባት። አልጮኸችም። መቀመጫ አቀረበችልን፣ ከፊታችን ቆመችና፣

«የዚያችን የፈረንጅ ልጅ መጨረሻ ሳላይ የእኔን አትንገሩኝ። እሱ ከወረደ የእኔም ይመጣል፣ እጠብቃለሁ። ካልወረደ ግን ተመልሳችሁ ኑ፣ ያን ጊዜ አላስቸግራችሁም» አለችን።

አፍረን ወጣን። ክቡር ሆይ፣ የሞኝ ነገር ነው ይሉ ይሆናል። ነገር ግን ስለ ልጅዋ የሚነግራት ሹም ያጣች እናት ምን ታድርግ? የሚነግራት ባቡር አገኘች። ከዚያ ወዲያ የዋሴን ጋቢ በክንዷ ይዛ መኪና መቆሚያው ድረስ መውረድ ጀመረች። ሰውም አብዳለች አለ። ይህን ሁሉ የተማረችው እርስዎ እንድታየው ከፈቀዱላት ክፍል ነው።

ሦስተኛ፤ እስካሁን ጨርቅ እያልሁ የጠራሁትን ነገር ላስረዳ። መኪናው መጀመሪያ ሲመጣ ይዞት የመጣው መጋረጃ በመንገድ በጭቃ ተበላሽቶ ነበር። ነጭ ጨርቅ ቢፈለግ የሁላችንም ጋቢና ቡልኮ ጢስ የጠጣ ሆነ። በአገራችን ዕድሜው የገፋ ሰው መገነዣውን አስቀድሞ ገዝቶ ሣጥን ውስጥ ያኖራል፤ እኅቴም አንድ ጥሩ አቡጀዲ ነበራት። እስክሞት ድረስ ቦዝኖ ከሚቀመጥ ትንሽ ይሥራ ብላ አውጥታ ሰጠች። ከዚያ በየዓመቱ መኪናው ሲመጣ ራሷ ታወጣዋለች፣ ሲሄድ አጥባ አጣጥፋ ትመልሰዋለች። እንግዲህ በሆሊውድ ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበትን ፊልም እኛ የምናየው በእኅቴ መገነዣ ላይ ነበር። ኩባንያው ባያውቀው ይሻላል።

ከፊት ትቀመጣለች። በሩ ተከፍቶ ጫማው ደረጃው ላይ ሲያርፍ ወደ ጨርቁ ጠጋ ትላለች። ከዚያ ያው ነጭ ይሆናል። በየዓመቱ አስማረን ዘንድሮስ አልቀጠሉትም ወይ ትለዋለች፤ እሱም የለም ብሎ ፊልሙን መጠቅለሉን ይቀጥላል። ያሸግኋቸውን ደብዳቤዎች የጻፍሁት በእነዚያ ዓመታት ነው። አንድ ቃል ብቻ ነበር የለመንሁት፤ ወርዷል ወይም አልወረደም። የቱም ቢሆን ይበቃት ነበር።

አራተኛ፤ ባለፈው ነሐሴ እኅቴ ታመመች። ሞት ቢዘገይ የቀረ ይመስላል፤ እኔም ክረምቱ ይውጣ እንጂ ትድናለች፣ መኪናውም ይመጣል እያልሁ እርሷንም ራሴንም ሳባብል ሰነበትሁ። ዳዊት ስደግምላት እጄን ያዘችና፣

«ቀለመ፣ አንተ የተማርህ ነህ። ወርዷል ወይስ አልወረደም?» አለችኝ።

አላየሁም እኅቴ አልኋት። ከዚህ የተሻለ መልስ ያለው ሰው ሩቅ አገር ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ነበር። በማግሥቱ ዐረፈች። ልጅዋን አላለቀሰችለትም፣ አልተቀበለችውምም። በዚህ ዕድሜዬ ብዙ ሰው ገንዣለሁ፣ ብዙ ሰው ቀብሬአለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን አንጀቴ ተቆርጦ አያውቅም።

አምስተኛ፤ ይህኛው አቤቱታ ሳይሆን ለክቡርነትዎ የማቀርበው የምሥራች ነው። አስማረ ዘንድሮ በኅዳር ሲመጣ ጌጤ የታለች አለ። ነገርነው። መኪናው መርገጫ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ለካ እኅቴ ባለፈው ዓመት ስትሸኘው፣ አንተ ካላየኸው የቆረጠውን ሰው ፈልገህ ጠይቅልኝ ብላ አደራ ብላው ኖሯል። እሱም ክረምቱን ሲያጠያይቅ ከርሞ፣ ከእርስዎ ሥር ሆኖ መቀሱን የሚይዘውን ሰው አዲስ አበባ ላይ አገኘው። ሰውዬው ታሪክ አላይም፣ ትእዛዜ ከንፈር ሲጠጋ መቁረጥ ነው አለው። ይህን ፊልም ግን ስለ ገረመው አልረሳውም።

«አሮጊት ነበረች፣ ጸጉሯ ነጭ። የወታደሩን ዓይኖች ነው የምትስመው፤ እሱም እንደ ሕፃን ያለቅሳል» ብሎ ነገረው።

ወርዷል፣ ክቡር ሆይ። ልጁ ወርዶ ነበር። ለግብረ ገባችን ሲባል የተቆረጠው መሳም እናት የጠፋ ልጅዋን ስታገኘው የሳመችው ነበር። እኅቴም ስትጠይቀው የኖረችው መልስ ያው መሳም ነበር። አስማረ የሚነግራትን ይዞ ሲደርስ እርሷ አፈር ገብታለች።

እንግዲህ በራሷ ፍርድ ዋሴ አይለቀስለትም። የእርሱንም ከእርሷ የመንፈቅ ተዝካር ጋር አብረን እናልቅስለት ያሉት ሽማግሌዎች፣ እርሷ ብላዋለች፣ ወርዷል ከተባለ እንጠብቃለን ብለው ተመለሱ። በገበያ ቀን የደብረ ታቦር መኪና ሲቆም ጋቢውን በክንዱ ይዞ የሚቆመው ሰው አሁን እኔ ነኝ። መሪጌታውም አበደ እየተባለ ነው። ይበሉ፤ ከእኔ በፊት ሁለት እናቶች ተብለዋል።

የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ያ ቁራጭ ከተጣለበት ተፈልጎ፣ ካልተቃጠለ፣ ይላክልን። በእኅቴ ተዝካር ዕለት ሕዝቡ በተሰበሰበበት እናሳየዋለን። ካህናቱም ለማየት ፈቅደዋል፤ እናት ልጇን ስትስም አይተው የሚሰናከሉ ካሉ ዓይናቸውን እንዲሸፍኑ አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ።

እንዳልተቆረጠ ፊልም ዕድሜዎ ይርዘምልኝ። ልጅ ካለዎት፣ ከሄደበት በደኅና ተመልሶ በሩ ላይ ቆሞ ሲስምዎት መቀስ የያዘ ሰው በአጠገብዎ እንዳይገኝ ዘወትር እጸልይልዎታለሁ።

የክቡርነትዎ ትሑት ተመልካች፣ ለማየት ከተፈቀደለት በቀር ምንም ያላየ፣
መሪጌታ ቀለመወርቅ ተክለ ማርያም
ንፋስ መውጫ፤ ታኅሣሥ ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ማስታወሻ፤ ቁራጩን ሲልኩልን መጋረጃም አብረው ቢልኩልን ውለታዎ ይደረብልናል። የነበረን አንድ ነጭ ጨርቅ እኅቴ ተገንዛበት ተቀብራለች።