እትዬ ኪስ ከግሩፑ የወጣችበት ጠዋት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4 ቀን

ይድረስ ለባለቤቴ፣ ለኔ ሆድ፦

እንዴት ነህልኝ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ የስፌት መኪናዬም ይሠራል ማለቴ ነው፤ ከዚያ የተረፈውን አንተው ታውቀዋለህ። ስልክህ አሁንም አይጠራም፤ ስለዚህ እንደ ድሮ ሰው በወረቀት መጻፌን ቀጥያለሁ። ያለፈውን ደብዳቤ የመርከብ ድርጅቱ ቢሮ ወስጄ ሰጥቻለሁ። የምትቀበለኝ ልጅ ትሕትናዋ ለጉድ ነው። በሁለት እጇ ትቀበልና መሳቢያዋ ውስጥ ታስቀምጠዋለች፣ ዓይኔን ግን አታይም። «ሲደርሰው ያነበዋል አይደል?» ስላት «አዎ፣ እትዬ» አለችና ያልጠራ ስልክ አነሳች።

እናትህ መጥተው ነበር፣ ጥቁር ጨርቅ ይዘው። ድርጅቱ መርከቧን መፈለጉን አቁሜያለሁ ካላቸው ወዲህ ሰው ሰብስበው ሊያለቅሱልህ ይፈልጋሉ። ዘመዱ ግን «ሚስቱ በቀይ ሹራብ እየዞረች እኛ ምን ብለን እናልቅስ?» እያለ እግሩን ይጎትታል። ጨርቁን መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት።

«አልሰፋም፣ እማማ» አልኳቸው።

«ስፊው መቼ አልኩሽ፣ ልጄ? ይቀመጥ» አሉና ያቀረብኩላቸውን ሻይ ሳይቀምሱ ሄዱ። እኔም የደንበኛ መጋረጃ ደራረብኩበት። አትቆጣ። በአንተ ነገር ከእናትህ ጋር ስንናቆር የመጀመሪያችን አይደለም።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ ጣቶቹ ነው። እራት ላይ ስልኬን በነካሁ ቁጥር «ደግሞ እነዚያ ጣቶችሽ መጡ?» እያልክ የምትቀልድባቸውን ሰዎች ነው የምልህ። አንተ ቀልድህ እንጂ ጨዋታችንን በደንብ ሰምተኸው አታውቅም፤ ስለዚህ አሁን ቁጭ ብለህ ስማኝ።

ሁላችንም በስልክ ግሩፕ የምንገናኝ ልብስ ሰፊዎች ነን፤ በየከተማው ተበትነን የምንኖር፣ ከስልክ ሌላ ተያይተን የማናውቅ። ጠዋት ሥራ ስንጀምር ሰላም እንባባልና እያንዳንዳችን ጠረጴዛችን ላይ ያለውን ልብስ ፎቶ እንልካለን። ደንባችን አንድ ነው፤ ልብሱ ተገልብጦ ውስጡ ነው የሚታየው። ፊቱንማ ማንም ያሳምረዋል። ረስቶ በፊቱ የላከ ሰው «ገልብጠው!» እየተባለ ሲጮህበት ይውላል። ከዚያ ወሬው ይከተላል፤ የማን ልጅ ፈተና አለፈ፣ የማን አከራይ ኪራይ ጨመረ፣ የማን ጉልበት ብርዱን አልቻለም። አንዳንዱ ቀን ከጎረቤቶቼ ይልቅ የእነሱን ቤት የማውቅ ይመስለኛል።

ጣቶቼ ብላ የሰየመችን እትዬ ኪስ ናት። «እንዴት አደራችሁ ጣቶቼ?» ሳትል ማናችንም አፋችንን አንከፍትም ነበር። ኪስ ያልናት የሰፋችው ነገር ሁሉ ኪስ ስላለው ነው። የሙሽራ ቀሚስ ላይ ሳይቀር ትሰፋለች፤ ሙሽሬ የምንላት የሠርግ ልብስ ሰፊ «ምን በወጣት!» ብላ ብትጮህ «እሷስ አፍንጫ የላትም? መሀረቧን የት ታድርግ?» ብላ መለሰችላት።

ሞቷን የነገሩን ጋሼ ኮት ናቸው። እዚያው እሷ ከተማ ኮት የሚሰፉ፣ መጻፍ ስለሚያደክማቸው በድምፅ የሚልኩ፣ ከንግግራቸው ሳላቸው የሚበዛ ሽማግሌ። «እትዬ ኪስ አረፈች። የስፌት መኪናዋ ላይ እንደተቀመጠች ነው» አሉ፤ ቀጥሎ ለረጅም ጊዜ ሳሉ። መቀሴን አስቀምጬ አለቀስኩ። በዓይኔ አይቻት የማላውቅ ሴት እንዲህ ታስለቅሰኛለች ብዬ አላሰብኩም ነበር። ጋሼ ኮት ቀብሯ ላይ ቆመዋል፤ አፈር ሲመለስባት አይተዋል። ይህን የምልህ ቀጥሎ ያለውን ስታነብ እብድ ነች እንዳትለኝ ነው።

ከቀብሯ በኋላ ባለው ሰኞ ጠዋት ካውያዬን ሰክቼ የደንበኛ ሸሚዝ ስተኩስ ስልኬ ጮኸ።

«እንዴት አደራችሁ ጣቶቼ?»

ከእትዬ ኪስ ነው። ስሟ ራሱ፣ ፎቶዋ ራሱ፤ ያ አንገቷ ላይ ሜትር አንጠልጥላ የምትስቅበት። ካውያውን የት ትቼው እንደነበር ያስታወሰኝ የተቃጠለው ኮሌታ ሽታ ነው።

ማንም አልመለሰላትም። ሙሽሬ ስልኳን ቁርጥራጭ ጨርቅ የሞላበት ቅርጫት ውስጥ ወርውራ ጎረቤት ቤት ሄዳ ዋለች። እኔ የት እሄዳለሁ? ቀኑን ሙሉ ከኋላዬ ሰው የቆመ እየመሰለኝ ዞር ስል በሩ ጀርባ የተሰቀለውን ኮትህን አያለሁ። አንስቼ ቁም ሣጥን ውስጥ ልከተው አስብና እጄን ስዘረጋ ደግሞ ያንን የበለጠ እፈራዋለሁ።

በማግስቱም መጣ። ከዚያም በኋላ ጠዋት ጠዋት፣ ልክ እንደ ድሮዋ፣ ሰላምታው ብቻ። ስልኩ ላይ «እየጻፈች ነው» የሚለው ይታይና ይጠፋል። ሙሽሬ «ወይ እሷ ትውጣ ወይ እኔ!» ብላ ለየላት። ሌላው ስልኩን ሌባ ወስዶት ነው አለ። ጋሼ ኮት ብቻ «ሰላም ላለኝ ሰው ዝም አልልም፤ ማንም ይሁን ማን» አሉና «ደህና አደርሽ» ብለው መለሱ።

የግሩፑ አድሚን እኔ መሆኔን ታውቃለህ፤ «ሹመት ያዳብር» እያልክ ስትስቅብኝ ነበር። ሁሉም እኔን ያዩ ጀመር። ስሟን እነካለሁ፣ «አስወግድ» የሚለው ሲመጣ ጣቴ ወደኋላ ይላል። ነገ አደርገዋለሁ እላለሁ። እውነቱን ልንገርህ? ጠዋት ስነሳ ያንን ሰላምታ መጠበቅ ጀምሬ ነበር። እየፈራሁ እጠብቀዋለሁ። የተቀበረች ሴት እንዴት አደራችሁ ካለች፣ ስልኩ የማይጠራ ሰውስ ለምን... ተወው።

አንድ ቀን ከሰላምታው ጋር ፎቶ ተላከ። ሰማያዊ የሴት ቀሚስ፣ ባለ ሁለት ኪስ፣ እጅጌው ገና ያልተገጠመ። ጠረጴዛው የሷ ነው፣ ጠርዙ ላይ ያለውን የካውያ ጠባሳ ሁላችንም እናውቀዋለን። ቀሚሱ ግን በፊቱ ነው የተዘረጋው። በፊቱ! እትዬ ኪስ ልብስ በፊቱ ከምታሳየን ራሷ በሌሊት ልብሷ ገበያ ብትወጣ ይቀላታል። ወዲያው ለብቻዋ «ገልብጪው» ብዬ ላክሁላት።

«ምኑን?» የሚል መልስ መጣ።

ተቀመጥኩ። ፍርሃቱ ከላዬ ላይ ወረደ፤ በምትኩ የመጣው ግን እፎይታ አልነበረም። ከፋኝ። እሷ ራሷ እንድትሆን ፈልጌ ኖሯል።

ደወልኩ። የሽማግሌ ድምፅ ነው ያነሳው።

«ባለቤቷ ነኝ» አሉ፤ ማን ልበል እንኳ ሳልል። «የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበርኩ። መርፌና ክር አላውቅም። ምን አጠፋሁ?»

«ጋሼ፣ ለምን በስሟ ይጽፋሉ? ሰው እኮ እየፈራ ነው።»

«ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ እናንተ ስትንጫጩ ነበር፣ ልጄ። ስልኩ ወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ ነው፤ እሷ ሻይ እየጣደች ትስቃለች። አሁን ቤቱ ዝም አለ። አንድ ሰላምታ ብልክ ይንጫጫል ብዬ ነው። ዝም አላችሁኝ። በኋላ ያ ባለሳሉ ሰውዬ ደህና አደርሽ ሲል፣ አንገቴን ወደ ወጥ ቤት አዞርኩ። ታምኚኛለሽ? አዞርኩ።»

አመንኳቸው። እኔ ካላመንኩ ማን ሊያምን!

«ልጄ ግን ሄደችብኝ» አሉ ቀስ ብለው። «በእናቷ ስም ስጽፍ አየችኝ። 'እማዬን እንዳልቀብራት ከለከልከኝ' አለችና ሻንጣዋን አንስታ ወጣች። ልተወው እልና ጠዋት ሲሆን እጄ ይሄዳል።»

ፈቃዳቸውን ጠይቄ ለግሩፑ ነገርኩ። ከዚያ መጀመሪያ የጻፈችው ማን መሰለችህ? ሙሽሬ! «ጠረጴዛዋ ላይ ያላለቀ ምን ምን አለ? ደንበኞቿ እኮ እየጠበቁ ነው» አለች። ጋሼ ኮት መነጽራቸውን ይዘው ሾፌሩ ቤት ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ጋሼ ኮት በእትዬ ኪስ መኪና ይሰፋሉ፣ ሾፌሩ ፎቶ ያነሳሉ፣ እኛ ከየቤታችን «ትከሻውን ትንሽ ሰብሰብ» ምናምን እያልን እንጨቃጨቃለን። ሾፌሩ በፊቱ በላኩ ቁጥር ሁላችንም «ይገልብጡት!» ብለን ስንጮህ «ይሄ ፍሬቻ እንደመርሳት ነው መሰለኝ» አሉን። ወሬውም እንደ ድሮው ተመለሰ፤ ልጅና አከራይ፣ ጉልበትና ብርድ። አንድ አንድ ልብስ እያለቀ ለባለቤቱ ሄደ። ስሙ ግን የእሷ ነው፣ ፎቶዋም ይስቃል፤ አንዳንዴ ረስቼ ለራሷ የምጽፍላት ይመስለኝና አንገቴ ላይ ብርድ ይሄድብኛል።

ዛሬ ጠዋት ሾፌሩ የባዶ ጠረጴዛ ፎቶ ላኩ። ተጠርጎ፣ ተወልውሎ፣ ምንም የለበትም።

«ጣቶቼ፣ አለቀ» ይላል ከሥሩ። «አድሚኗ፣ እባክሽ አውጪኝ። ራሴ እንዳልወጣ እጄ እምቢ አለኝ። ልጄ ለምሳ ትመጣለች።»

ሁሉም ተሰናበታት። እሳቸውን ሳይሆን እሷን። ጋሼ ኮት በድምፅ «ደህና ሁኚ» ብለው ሳይስሉ ጨረሱ። ከዚያ እኔን ጠበቁ። ስሟን ነካሁ፣ «አስወግድ» መጣ፣ ጣቴ ቆመ። ዓይኔን ጨፍኜ ተጫንኩት። ስልኩ «እትዬ ኪስን አስወግደዋል» አለኝ፤ ወንጀል እንደሠራ ሰው ሊያደርገኝ።

ወዲያው ሾፌሩ በራሳቸው ስልክ ደወሉ። አመሰገኑኝ። ዘግተው ይሄዳሉ ስል፣ «ባልሽ መርከብ ላይ ነው አሉኝ» አሉ። ጋሼ ኮት ነግረዋቸው መሆን አለበት።

«አዎ» አልኩ።

የመኪና ጡሩምባ ከመስኮታቸው ውጭ ይሰማኛል፣ እሳቸውም የኔን ትንፋሽ ይሰማሉ መሰለኝ።

«እናቱ አለች?»

«አሉ።»

«ማን ጋር ታለቅሳለች?»

እናትህ ሻይ ያልጠጡት ተናደው መስሎኝ ነበር። ብቻቸውን ሊያለቅሱ ቸኩለው እንደነበር አሁን ገና ገባኝ። ሰው ሁሉ እኔን እያየ እሳቸውን ለብቻቸው ትቷቸዋል። እኔ አንተን እየጠበቅሁ በር በሩን ሳይ የልጃቸውን ልቅሶ የነጠቅኳቸው ሆኜ አረፍኩት።

ስልኩን ዘግቼ መጋረጃውን አነሳሁና ጥቁሩን ጨርቅ ዘረጋሁት። ጥሩ ጨርቅ ነው የገዙት፤ ከባድ፣ የማይጨማደድ። ጠመኔዬ ላዩ ላይ ጎልቶ ይታያል። ልኬን ወሰድኩ፣ ከሳሁ መሰለኝ፣ ወገቤ ቀንሷል። ቆረጥኩት። መቀሱ ሲሄድ እንዳልሰማው ሬዲዮ ከፈትኩ። አሁን አልቆ ከፊቴ ተዘርግቷል። ለእናትህም ደውዬ «እማማ፣ ለእሑድ ሰው ይጥሩ፤ አጠገብዎ እቀመጣለሁ» አልኳቸው። «ሰፋሽው?» አሉኝ። «አዎ፣ እማማ» ስላቸው ስልኩ ላይ እንደ ሕፃን አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። አብረን።

አንድ ነገር ግን ለአንተ ብቻ ልንገርህ፤ ለእናትህም፣ ለጣቶቹም አልነገርኩም። በመኪና አልሰፋሁትም። ለሙከራ ልብስ እንደምናደርገው በእጄ፣ በረጅም በረጅሙ ነው የሸለልኩት፤ ጫፉ ሲሳብ ከላይ እስከ ታች ተተርትሮ እንዲወርድ። ነጭ ክር ቢሆን ያሳብቅብኝ ነበር፣ በጥቁር አደረግሁት። ልብስ ሰፊ ካልሆነ ማንም አያስተውለውም። የክሩን ጫፍ ግራ እጅጌው ውስጥ ሳልቋጥር ትቼዋለሁ። እሑድ ብትመጣ፣ ከእሑድ በኋላም ብትመጣ፣ መቼም ብትመጣ፣ እናትህ ፊት ምንም አትናገር። ዝም ብለህ ሳበው።

የትም ሁን የት፣ እግዜር ደረቅ አልጋና ሙቅ ልብስ አይንሣህ። ጀርባህን ብርድ አያግኘው። ድምፅህን ከጆሮዬ አያጥፋብኝ።

ያንተው
ሚስትህ