ሠላሳ አንድ ላይ ይቆማል

የካቲት 17
ከተማችን ወገዳ ያው አቧራዋን ለብሳ ዋለች። ምሳ ሽሮ። ህይወት ዛሬም ጀሪካን ተሸክማ ጤና ጣቢያ ሄደች። ሚስቴ አዋላጅ ናት፤ የምታዋልድበትን ውሃ ከቤት ትወስዳለች። ለመውለድ የሚመጡትም ጀሪካን ይዘው ነው የሚመጡት። ጥፋቱ የማን ነው? የኔ። የከተማውን የውሃ ጉድጓድ ሞተር በቀጥታ አስነስቼ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ።
ዛሬ ሞተሩ ሽቦው እንደገና ተጠቅልሎ መጣ። አብሮት ድራይቭ አለ፤ ሞተሩን ከዝቅተኛ ፍጥነት ቀስ አድርጎ የሚያስነሳ ሣጥን። አለቃዬ አቶ ካሳ፦ «ይሄ ከተቃጠለ ሌላ የለም። አንተም የለህም» አሉኝ።

የካቲት 21
ቮልቴጅ ለካሁ። 384። ከተማው ጸጥ ብሏል፤ ለሥራ የሚመች ቀን። ቁጥሩን ላፕቶፔ ውስጥ አስገብቼ የሞተሩን አነሳስ ሞዴል ሠራሁ። በሃያ ሰከንድ ሃምሳ ሄርዝ፣ ሙሉ ፍጥነቱ ላይ ይደርሳል። ተመስገን...

የካቲት 25
አልሆነም። ሠላሳ አንድ ሄርዝ ሲደርስ ድራይቩ ቀጥ አለ። «ቮልቴጅ አነሰ» ይላል። አራት ጊዜ ሞከርኩ፤ አራቱንም ሠላሳ አንድ። እንደገና ልለካ? ለክቻለሁ እኮ። ሣጥኑ ነው የሚዋሸው።

የካቲት 26
ሞዴሉን ሦስት ጊዜ አፍርሼ ሠራሁ። ይነሳል ይላል። ሞተሩ አልነሳም ይላል። ማንን ልመን? ህይወት «ብላ እንጂ» ትለኛለች። ወደ ላፕቶፔ ተመለስኩ።

የካቲት 27
ተነሳ። ምንም ሳልነካው። ሃምሳ ደረሰ። ቧንቧው ሲፈስ ሰው እልል አለ። አንዲት እናት «መድኃኔዓለም በቀኑ ሰማን» አሉ። አቶ ካሳ ወዲያው ለበላይ ደውለው ተጠገነ አሉ።
ግን ለምን ተነሳ? ፈራሁ።

የካቲት 28
ሠላሳ አንድ።

የካቲት 30
«ዛሬ የተወለደውን ልጅ በግማሽ ጆግ ውሃ አጠብኩት» አለችኝ ህይወት።
ክፉ ሐሳብ መጣብኝ... ቮልቴጅ ሲያንስ የሚያቆመውን የድራይቩን መከላከያ መዝጋት። ወይ ይነሳል፣ ወይ ሞተሩም ድራይቩም ይቃጠላሉ። እጄን ዘርግቼ ነበር። ተውኩት። ተውኩት ወይስ ለነገ አሳደርኩት?

መጋቢት 2
ዱቄት ሊያልቅብን ነው፤ እህል ይዤ ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ባለወፍጮዋ እትዬ ካሣነሽ «ምነው ፊትህ እንዲህ ጠቆረ?» አሉኝ። ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው።
«መቼ ነው የለካኸው?»
«በሃያ አንድ።»
«ማርያም። ተነሳ ያልከውስ?»
«በሃያ ሰባት።»
«መድኃኔዓለም። ልጄ፣ በበዓል ማን ይፈጫል? ሦስታችንም ባለወፍጮዎች ዘግተን ነው የዋልነው።»
ሦስቱ ወፍጮዎችና ጉድጓዱ አንድ ትራንስፎርመር ላይ ናቸው፤ ሲፈጩ ቮልቴጁን ያወርዱታል። የቄስ ልጅ ሆኜ... ጭንቁ ማርያምን እንኳ አስረሳኝ።
እህሉን እዚያው ጥዬ ሮጥኩ። ለካሁ፤ 318። ሞዴሉ ውስጥ አስገባሁት። መስመሩ ወጣ፣ ወጣ... ሠላሳ አንድ ላይ ወደቀ። አለቀስኩ። ሣጥኑም አልዋሸ፣ ሞዴሉም አልዋሸ። የዋሸሁት እኔ ነኝ።

መጋቢት 3
ሦስቱም እየፈጩ በምንም መንገድ አይነሳም። አንዱ ወፍጮ ቢዘጋና ፍጥነቱን አርባ አራት ላይ ብገታው ይነሳል፤ ሞዴሉ ያለው ይህን ነው። አቶ ካሳ «ተጠገነ ብያለሁ እኮ፤ አሁን ምን ልበል?» አሉ። ስህተቱ የኔ ነው ብዬ በጽሑፍ ሰጠኋቸው።
እትዬ ካሣነሽ ዘንድ ሄጄ ሞዴሉ ያለውን ነገርኳቸው። ይዝጉልኝ ከማለቴ በፊት እሳቸው ቀደሙኝ፦ «በየቀኑ ከጠዋት እስከ ስምንት ሰዓት እዘጋለሁ። ሌላ ትራንስፎርመር እስኪመጣ ነው እንጂ ለዘላለም አይደለም።»

መጋቢት 4
በዓል የለም። የሥራ ቀን ነው፤ ከመለካቴ በፊት ቀኑን ጠየቅሁ።
ሠላሳ... ሠላሳ አንድ... ሠላሳ ሁለት። አርባ አራት ደረሰ፤ እዚያው ላይ ይዞራል።
የእትዬ ካሣነሽ ደጃፍ ላይ ሴቶች እህላቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። አንዷ «ውሃውስ መጣ፤ እህሉስ?» አለችኝ። አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ።
ህይወት ጀሪካኑን ባዶውን ይዛ ገባች፤ የጤና ጣቢያው ቧንቧ እየፈሰሰ ነው። ዱቄት አልቋል፤ የኛም እህል ወረፋ ላይ ነው። ቆሎ በላን፣ በቧንቧ ውሃ።