በጓሮዬ ስለተገኘው የክቡር ገዥው ዛፍ

ዶርሴት መንደር፣ ከፍሪታውን በላይ፣ ነሐሴ 9 ቀን

ለክቡር ሚስተር ፐርሲቫል ሃዘርሴጅ፣ የተፈጥሮ ዕውቀት ማኅበር ፕሬዚዳንት፤

ክቡር ሆይ፣ የዘንድሮው ዝናብ ያመጣው ንዳድ እርስዎን እንዳልነካዎት ተስፋ አደርጋለሁ፤ በሚያዝያ ወር የግቢዬን አጥር ሲዘሉ ወለም ያለዎት እግርም ፈጽሞ እንደዳነ እመኛለሁ። እኔ ኬዝያ ሜትዝገር፣ ዝንጅብል እያበቀልኩ የምኖር መበለት፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ቤቴ ግን ደህና የሚሆነው እስከ መጪው ሐሙስ ድረስ ብቻ ነው። ይህን በጋዜጣ ማውጣቴን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ ሦስት ጊዜ ለማኅበርዎ ብጽፍ፣ የሴት ደብዳቤ በስብሰባ ላይ ተነቦ እንደማያውቅ ጸሐፊዎ በትሕትና አስታውቀውኛልና። አቤቱታዬም የሚከተለው ነው።

1ኛ፦ አባቴ በተወለድኩ ቀን እትብቴን ቀብሮ ከላዩ ዛፍ ተከለ። እርስዎ ያን ዛፍ ሲያዩ ባርኔጣዎን አውልቀው ብዙ ቆሙ፤ ከዚያም ከዛፉ ቅጠል፣ በዛፉ ላይ ከተጠመጠመው ሐረግ ደግሞ ሐምራዊ አበባ ቀንጥሰው፣ ሁለቱን አንድ ላይ በወረቀት መካከል አደረቋቸው። ሽማግሌው ጎረቤቴ ፓ ጆና ዴከር በቅንነት «ጌታዬ፣ አበባው እኮ የዛፉ አይደለም፤ የሐረጉ ነው» ቢልዎ፣ «አንተ ለመሆኑ ስንት መጽሐፍ አንብበሃል?» ብለው ጠየቁት። እሱም «አንድ ብቻ ጌታዬ፤ እሱም ቢሆን ሐረግን ዛፍ አይልም» አለዎት። በዚህ ተቆጥተው፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ሳለ፣ በአጥሩ ላይ ዘለው ወጡ።

2ኛ፦ በማኅበርዎ መጽሔት ላይ በዓለም ከአንድ ቦታ በቀር የማይበቅል አዲስ ዛፍ ማግኘትዎን አበሠሩን፤ ንግሥቲቱ በላኩልን ገዥ በሰር አምብሮዝ ቲልኮት ስምም ሰየሙት። በዓለም ሌላ አለመኖሩን እኔም እመሰክራለሁ፤ የአንዱን ቅጠል ከሌላው አበባ ጋር የሚሰፋ ሌላ ሰው ገና አልተወለደም። አላዋቂ ሳሚ ምን እንደሚለቀልቅ አንባቢ ስለሚያውቀው፣ ለክብርዎ ስል እዚህ አልጽፈውም። ወር ሳይሞላም የገዥው ምክር ቤት አባል ሆነው ተሾሙ፤ እንኳን ደስ ያለዎት። አባቴ ያንኑ ዛፍ ተክሎ፣ አጠጥቶ፣ ከፍየል ጠብቆ ያገኘው ሹመት ጥላው ነበር።

3ኛ፦ የማኅበርዎ ምክትል ፕሬዚዳንት ዶክተር ላምስደን በመጽሔቱ የወጣውን የዛፉን ሥዕል እንዳዩ ስሕተቱን ዐውቀውታል። በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ጠጋ ብለው፣ «ኬዝያ፣ እውነትሽን ነው። ግን አሁን አፌን ብከፍት ፕሬዚዳንቱ ያገኘሁትን አዲስ ጥንዚዛ በመጽሔቱ አያትምልኝም» አሉኝ። ጥንዚዛው በዋናው ዳኛ ስም ሊሰየም የታሰበ መሆኑን ሰምቻለሁ። እንግዲህ እውነት በዚህ አገር ወረፋ የምትጠብቀው ከጥንዚዛ ኋላ ተሰልፋ ነው ማለት ነው፤ እርሷ መጠበቅ ትችል ይሆናል፣ ቤቴ ግን አይችልም።

4ኛ፦ ከሁሉ የሚከብደኝ በምክር ቤትዎ ማኅተም ታትሞ የደረሰኝ ትእዛዝ ነው። የምድጃዬ ጭስ ብርቅዬውን ዛፍ ስለሚጎዳው፣ ክቡር ገዥው ሐሙስ ዕለት ከነሙዚቀኛው ዛፋቸውን ሊጎበኙ ሳይመጡ በፊት ቤቴ ይፍረስ፤ ከዛፉ ግንድ እስከ ስልሳ እርምጃ ድረስም ሰው አይኑር፤ ዛፉንም ማንም አይንካ ይላል። ዛፉ ያንን ጭስ ለአርባ ስድስት ዓመት ሲታጠን ኖሮ ነው እርስዎ ባርኔጣ ያወለቁለት። ያ ቤት አባቴ ድንጋዩን ከወንዝ በራሱ ተሸክሞ የሠራው፣ ሦስት ልጆች የወለድኩበት፣ ባሌ እጄን ይዞ የሞተበት ነው። እዚህ ላይ ጨዋነቴ ቢያልቅ ይቅር ይበሉኝ፤ ተቆጥቻለሁ፣ ፈርቻለሁም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እርስዎ ግን ለመነቅነቅ እንኳ ሳይደክሙ ዘለሉት።

ይህም ሆኖ ውለታዎን አልክድም። የመንደራችን ሰዎች የማናውቀውን ነገር አናውቅም የማለት ጎጂ ልማድ ነበረን፤ ከዚህ ልማድ ተላቅቆ እስከ ምክር ቤት እንዴት እንደሚደረስ በተግባር ስላሳዩን እናመሰግናለን። ፓ ጆናም ሁለተኛ መጽሐፍ ለማንበብ አስቦ ነበር፤ መጽሔትዎን ካነበበ በኋላ ግን አንዱ እንደሚበቃው ነግሮኛል።

የክቡርነትዎን ዕድሜና ዕውቀት፣ ይልቁንም ሁለተኛውን፣ አምላክ እንዲያበዛልዎ እየለመንኩ፣ ከአክብሮት ጋር ከደጄ ላይ እጅ የምነሣ፣ በማኅበርዎ ገና ያልተገኘሁ፣

ኬዝያ ሜትዝገር

ከፈረምኩ በኋላ የተጨመረ፦ ትእዛዙ ዛፉን እንዳልነካ እንጂ ሐረግ እንዳልነቅል ስለማይከለክል፣ ዛሬ ጠዋት ሐረጉን ከነሥሩ ነቅዬ አወረድኩት፤ ፍየሌም አበባውን አንድ ሳታስቀር በላችው። ከሰዓት በኋላ ዘበኞችዎ የመጽሔቱን ሥዕል ይዘው ግቢዬን ሁለት ጊዜ ዞሩ፤ እንዲህ ያለ ዛፍ ግን አላገኙም። ስልሳው እርምጃ ከየት ተነሥቶ እንደሚለካ የሚያውቅ ስለጠፋም ቤቴን ሳይነኩ ተመለሱ። የቀረው ዛፍ፣ እርስዎ ፍሬ ባልያዘበት ወር ስላገኙት ሳያውቁት ቀርተው ነው እንጂ፣ በየስብሰባው ፍሬውን ሲያኝኩ የሚውሉት ተራ የኮላ ዛፍ ነው። ስለዚህ ክቡር ገዥው ሐሙስ ዕለት መጥተው ዛፌ የት አለ ብለው የጠየቁዎ እንደ ሆነ፣ ግማሹ በፍየሌ ሆድ፣ ግማሹ በእርስዎ አፍ መሆኑን ይንገሩልኝ።