ማጫወቻው ስለዘለለው የውድድር ቪዲዮ ለሊቀ መንበሩ

ለተከበሩ አቶ ኤልዉድ ፒንክሃም
የሄሪክ ወደብ የሎብስተር ጀልባዎች ውድድር ኮሚቴ ሊቀ መንበር
ባሉበት

ክቡር ሊቀ መንበር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደምን እንደሆነ በትሕትና እጠይቃለሁ። የጉልበትዎ ሕመም ተሽሎዎት፣ ለዓመታት ከተቀመጡበት የኮሚቴው ወንበር ላይ ለመነሣት የሚበቃ ብርታት እንዲያገኙ የዘወትር ጸሎቴ ነው።

እኔ የዴልመር ካርቨር ሚስት ዊኒፍሬድ ነኝ። በእኛ ወደብ ወንዶች ጀልባቸውን በሚስታቸው ስም ስለሚጠሩ፣ ጀልባዋ በተወቀሰች ቁጥር ስሜ አብሮ ይነሣል። ኮሚቴዎ በዓሣ አጥማጆች ማኅበር ሱቅ በር ላይ «ዊኒፍሬድ አጭበርብራለች፤ ከውድድር ታግዳለች» የሚል ማስታወቂያ ከለጠፈ ወዲህ፣ ዳቦ ልገዛ ስገባ ሰው ሁሉ አቀርቅሮ የገዛ ጫማውን ያያል። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ዝነኛ ስላደረጉኝ ላመሰግንዎ ብዬ ይህን ደብዳቤ በሳምንታዊ ጋዜጣችን ላይ አውጥቼዋለሁ።

በዚያ ቀን ያልነበረ አንባቢ እንዳይቸገር ነገሩን ባጭሩ ልበል። በእንጨት ጀልባዎች ውድድር ላይ ባለቤቴና የእህትዎ ልጅ ዋረን ጎን ለጎን ሲበሩ፣ ዴልመር በድንገት ከተንሳፋፊ ምልክቶቹ መስመር ወጣ፤ ወዲያው ተመልሶ ገባና አንደኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ኮሚቴዎ ግን «መስመር ጥሷል» ብሎ ዋንጫውን ለዋረን ሰጠ። የወጣው ሁለት የበጋ እንግዶች በካያክ፣ ማለትም በመቅዘፊያ በምትነዳ ጠባብ ታንኳ፣ መንገዱ ላይ ስለገቡበት ነው። ካያክ ዝቅ ያለች ናት፤ በማዕበሉ መሐል ከወደቡ ዳር የቆመ ተመልካች አያያትም። ሊያያት የሚችለው በኮሚቴው ጀልባ ላይ በቅርብ የነበረ ሰው ብቻ ነው፤ በዚያ ጀልባ ላይ የነበሩት ደግሞ እርስዎ ነዎት፣ ብቻዎን፣ ከካሜራው ጋር። እንግዶቹም በነጋታው ዕቃቸውን ጭነው ሄደዋል።

ስለዚህ ቅሬታዬን፣ ወይም እርስዎን ደስ ካሰኘዎት ምስጋናዬን፣ በተራ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ካሜራው ቪዲዮውን ጽፎ ሳይጨርስ ሚሞሪ ካርዱን መንቀልዎን ሁላችንም እናውቃለን። የዓሣ ሾርባው እንዳይቀዘቅዝብዎ ቸኩለው ነበርና አልፈርድብዎትም። በዚህ ምክንያት ፋይሉ መሐሉ ላይ ተበላሸ። በስብሰባው ዕለት ሦስት ማጫወቻ ፕሮግራሞች ሲሞክሩ ከኋላ ተቀምጬ አይቻለሁ። የመጀመሪያው «ፋይሉ ተበላሽቷል፣ መክፈት አልችልም» ብሎ እምቢ አለ። እርስዎም «ይሄ ሰነፍ ነው» አሉት፤ እኔ ግን የማያውቀውን አላውቅም የሚል በኮሚቴያችን ታሪክ የመጀመሪያው ስለሆነ ባርኔጣ ቢኖረኝ አነሣለት ነበር። ሁለተኛው ከፈተው፤ ሥዕሉ የጠፋበት ቦታ ሲደርስ ግን ግራጫ ግራጫ አራት ማዕዘን እየደረደረ «እዚህ ላይ የጎደለ አለ» ብሎ በግልጽ አሳየ። ግራጫው ገና ብቅ ሲል «ዓይን ያሳምማል» ብለው ዘጉት። ሦስተኛው ለእርስዎ የተፈጠረ ነው፤ የተበላሸውን ሁሉ ትቶ ከጤነኛው ወደ ጤነኛው ይዘላል፤ መዝለሉንም ለማንም አይናገርም። በእሱ ላይ ዴልመር መስመሩ ውስጥ ነበረ፣ ከዚያ ከመስመሩ ውጭ ነበረ። በመካከል ምንም የለም፤ ካያክም የለ፣ ሰውም የለ። እርስዎም እጅዎን አጨብጭበው «ይሄ ነው ማጫወቻ ማለት! ምንም አይቆራረጥም!» አሉ። እውነትዎን ነው፤ የተቆረጠውን ቆርጦ ከጣሉት በኋላ ምን ይቆራረጣል?

ሁለተኛ፣ ባለቤቴ ተነሥቶ «ካያክ ነበረ። አንተም ታውቃለህ፣ ኤልዉድ» ብሎ ሲቀመጥ፣ «እኔ የማውቀው ቪዲዮው የሚያሳየውን ነው» ብለው ስለ መለሱለት ጥበብ አመሰግናለሁ። ከዚያ በፊት እርስዎ የሚያውቁት ብዙ ነገር ነበረ፤ የማን ሚስት ከማን ጋር እንደተጣላች ሳይቀር። ዴልመር ከዚያ በላይ አልተናገረም። እሱ «ዝም አይነቅዝም» የሚል ሰው ነው። እኔ ግን እነግርዎታለሁ፣ ዝምታው ቤታችን ውስጥ ነቅዟል። እራት ሲቀርብለት ሹካውን ያነሣና መልሶ ያስቀምጠዋል።

ሦስተኛውን ስጽፍ ጨዋነቴ ሊያመልጠኝ ስለሚችል አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ኮሚቴዎ የፈረደው ስለ አንድ የበጋ ጨዋታ ነው ብለው ያስቡ ይሆናል። በእኛ ወደብ ግን በጨዋታ ያጭበረበረ በሥራም ያጭበረብራል ይባላል። አንድ ሰው ሌላው ሎብስተር የሚያጠምድበትን ወጥመድ ከባሕር ስቦ ይዘርፋል ተብሎ ሲጠረጠር ማንም ፖሊስ አይጠራም፤ ተጠርጣሪው ጠዋት ሲወጣ የገዛ ወጥመዱን ቦታ በሚያሳየው ተንሳፋፊ እንጨት ላይ ገመዱ ሁለቴ ተጠምጥሞ ታስሮ ያገኘዋል። «አውቀንብሃል» ማለት ነው። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ቢላዋ ነው፤ ገመዱ ይቆረጥና ወጥመዱ ከባሕሩ ሥር ይቀራል። ባለፈው ሰኞ ዴልመር እንዲህ የታሰረ ተንሳፋፊ አገኘ። ከአባቱ ጋር ባሕር ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ በዚህ ውኃ ላይ የማንንም ወጥመድ ነክቶ የማያውቅ ሰው ነው። ቋጠሮውን ፈትቶ ወደ ቤት መጣና «ዊኒ፣ ወጥመዶቹን ላወጣቸው ነው፤ በቃኝ» አለኝ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ፤ የእኔን ባል ስም እርስዎ ገና በቁሙ ቀበሩት። ተናድጃለሁ፣ ክቡር ሊቀ መንበር። በጨዋ ቃል አማርጬ ልጽፈው ሞከርኩ፤ ሌላ ቃል የለውም።

አራተኛ፣ ፋይሉን ለማየት ሦስት ጊዜ ብጠይቅ «የኮሚቴው ንብረት ነው» ብለው ስለ ጠበቁት አመሰግናለሁ፤ ባይጠብቁት ይህን ያህል አልፈልገውም ነበር። ጸሐፊዎ ቬርና ግልባጩን እቤቴ ድረስ አምጥታልኛለች። «ውሰጂው፤ ስሜንም ጻፊው። በዚህ ዕድሜዬ ኤልዉድን የምፈራ ከሆነ መቼ ልደፍር ነው?» ብላኛለች፤ እነሆ ጽፌዋለሁ።

ግልባጩን እርስዎ ዓይን ያሳምማል ባሉት በሁለተኛው ማጫወቻ ከፈትኩት። ግራጫው መጣ፤ እኔ ግን አልዘጋሁትም። ያን ጊዜ እርስዎ ሊያውቁት ያልፈለጉትን ነገር አወቅሁ፤ የተበላሸው ሥዕሉ ነው እንጂ ድምፁ አይደለም። የእርስዎ ተወዳጅ ማጫወቻ ሥዕሉን ሲዘልል ድምፁንም አብሮ ይዘልላል፤ ይሄኛው ግን ሥዕል ባይኖረውም ያለውን ድምፅ ያሰማል። ከግራጫው ሥር፣ ከሞተሩ ጩኸት በላይ፣ በድምፅ ማጉያ የሚጮኽ አንድ ሰው ይሰማል። «ዴልመር! ካያክ! ካያክ አለ! ወደ ውጭ! ከመስመሩ ውጣ፣ ውጣ!» ይላል። ድምፁን ለይቶ ለማወቅ አልተቸገርኩም፤ በየስብሰባው ሰምተነው ሰልችቶናል። ድምፁ የእርስዎ ነው።

ባለቤቴ ከመስመር የወጣው በእርስዎ ትእዛዝ ነው። የቀጡትም ስለ ታዘዘ ነው።

የምለምንዎ ነገር ጥቂት ነው። ማስታወቂያውን በገዛ እጅዎ ያንሡ። ቅዳሜ በማኅበሩ አዳራሽ የወደቡ ሰው ሁሉ ለባቄላ እራት ሲሰበሰብ፣ ከወንበርዎ ተነሥተው «ዴልመር ካርቨር አላጭበረበረም፤ ውጣ ያልኩት እኔ ነኝ» ይበሉ። ዋንጫውን ዋረን ያስቀምጠው፤ ለአበባ ማስቀመጫ ይሆነዋል። እኔ የምፈልገው ሰውዬው ሰው አየኝ ብሎ ሳይሸማቀቅ ባሕር እንዲወጣ ነው። ይህን ካላደረጉ ግራጫውን ቪዲዮ ቬርና በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ታሳየዋለች፤ ዓይኑን የሚያመው ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ማዳመጥ ይችላል።

ለኮሚቴዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለእርስዎም ካርድ ከመንቀል በፊት ትንሽ ትዕግሥትን እየተመኘሁ፣ በሱቁ በር ላይ በተለጠፈው ስሜ እፈርማለሁ፤

አክባሪዎ
ዊኒፍሬድ ካርቨር

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ዘግቼ ሳበቃ፣ ለእርስዎ ፍትሐዊ ልሁን ብዬ የሚወዱትን ሦስተኛውን ማጫወቻም ከፈትኩት። ከዘለለው ቦታ በኋላ፣ ምንም ባልተበላሸው ክፍል፣ ማጉያውን አውርደው ብቻዬን ነኝ ብለው ሲናገሩ ይሰማል፤ «ተመስገን። ዴልመር ባይሆን ኖሮ ሁለቱንም ገድለናቸው ነበር።» በስብሰባው ላይ ይህን ያልሰማነው ፋይሉ ተበላሽቶ አይደለም። «የሞተር ጩኸት ይረብሻል» ብለው ድምፁን እስከ መጨረሻው ዝቅ ያደረጉት እርስዎ ነዎት።