ዘይነብ ልጄን አላቀፈችም

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12፤ ድሬ ዳዋ

ዛሬ ከእህቴ ከዘይነብ ጋር ሆስፒታል ሄድን። በደሟ የተገኘው ሄፓታይተስ ሲ መሆኑ ተረጋገጠ። ሐኪሙ ደግ ሰው ነው፤ ቀስ ብሎ አስረዳን። የሚተላለፈው በደም ነው፤ ሌላ ሰው በተወጋበት መርፌ፣ በጋራ ምላጭ። አብሮ በመብላት ወይም በመተቃቀፍ አይተላለፍም። የሚያድን መድኃኒትም አለው። ከየት እንደያዛት ግን አታውቅም። ልጅ ሳለች መልካ ጀብዱ ውስጥ ቤት ለቤት እየዞረ መርፌ የሚወጋ ሰው ነበር። ምናልባት ከእሱ ይሆናል፤ አላህ ነው የሚያውቀው።

በባጃጅ ስንመለስ ልቤ ቀለል ብሎት ነበር። ቤት ስንገባ ትንሿ ልጄ ሐያት "አክስቴ!" እያለች ሮጣ መጣች። ዘይነብ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

"ሐኪሙ ያለውን ሰምተሻል እኮ" አልኳት።

"ሰምቻለሁ፤ አምኜዋለሁም። ግን የመጀመሪያው ምርመራ ከወጣ ወዲህ አማቴ ብርጭቆዬን ለየች። ልጆች ወደ እኔ ሲመጡ እየጠራች ትመልሳቸዋለች። አሁን እጄ ራሱ ልጅ መንካት ፈራ።"

ይህን ብላ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። ሐያትን አንስቼ ጭኗ ላይ አስቀመጥኳት። ልጅቷ ምንም ሳይመስላት ደረቷ ላይ ተለጠፈች። ዘይነብ ግን ሁለት እጆቿን አየር ላይ እንዳንጠለጠለች ቀረች። እንባዋ የልጄ ፀጉር ላይ እንዳይወድቅ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሐያት እንቅልፍ እስኪወስዳት ድረስ ዘይነብ እጆቿን አላወረደችም።