በአስተርእዮ ዕለት የተከፈተ ኮፈን

ረቡዕ፣ ጥር ፲፫
ማለዳ ማኪናዋን ሳስነሣ ቢጫ የሞተር ምልክት በራ። አጠፋሁ፤ ደግሜ አስነሣሁ። ያው ነው። ሞተሩ እንደ ወባ በሽተኛ ይንቀጠቀጣል። በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ታላቅ እህቴን ይርገዱን ከዳባት ማምጣት አለብኝ። አንድ ዓይኗ ከጠፋ ቆየ፤ የቀረውንም ሞራ ጋርዶታል። እዚህ ከተማችን የሚያክሟት የዓይን ሐኪሞች ለዘመቻ የመጡ ናቸው። ለዓርብ ቀጥረዋታል፤ ቅዳሜ ይመለሳሉ። ከዚያ በኋላስ? ማን ያውቃል...

ዓርብ፣ ጥር ፲፭
ጋራዥ ወሰድኋት። ሰውዬው ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት «ከአስተርእዮ በኋላ ይምጡ» አለኝ። ሥራውን የማያከብር በዓሉን እንዴት ያከብራል?

ጎረቤቴ አያ ይበልጣል ደግሞ መላ አመጣ። «መሪጌታ፣ ፕላስተር ይለጥፉባት! የእኔ ልጅ ለጥፎባት ይኸው ይነዳል።»

የሚገሥጽን መብራት መሸፈን! የዘመኑ ጥበብ ይህ ነው።

እሑድ፣ ጥር ፲፯
ልጄ ወለላ መጣች። የሆስፒታል ላቦራቶሪ ሥራዋ ፋታ አይሰጣትም። እንደ ክብሪት ቤት ያለች መሣሪያ ከመሪው ሥር ሰክታ በስልኳ አነበበች።

«ሦስተኛው ሲሊንደር አይተኩስም፣ አባባ። እሳት የሚጭርለትን ካንዴላ ፈትቼ ልየው?»
«ሰንበት ነው።»
«አሁን አንብቤ የለ?»
«ማንበብ ሥራ አይደለም። መፍቻ ማንሣት ሥራ ነው።»
«እኔ እስከ ሐሙስ ተረኛ ነኝ።»
«ሐሙስ አስተርእዮ ማርያም ናት።»
«የእቴቴ ይርገዱ ቀጠሮ ዋዜማም ናት።»

የማኪናዋን ቁልፍ ኪሴ ከተትሁ።

ማክሰኞ፣ ጥር ፲፱
የሥራ ቀን ነውና ብቻዬን ገባሁበት። የአየር ማጣሪያውን አራገፍሁ፤ የባትሪውን ገመድ ፈትቼ መልሼ አሰርሁ። መብራቷ ጠፋች! ደስ ብሎኝ ወደ ወለቃ ነዳሁ። ዳገቱ ላይ ተመልሳ በራች፤ ማኪናዋም አቃሰተች። ከኋላዬ የነበረ ባለ ባጃጅ «አባ፣ ወርደው ይግፏት እንጂ!» ብሎ አለፈኝ። ስድ።

ማታ ለይርገዱ ደወልሁ።
«እታለም፣ ሌላ ማኪና ልላክልሽ?»
«ምነው? የማላየው ሰው ማኪና ውስጥ እኔ አልገባም። ያንተን ድምፅ አውቃለሁ። ካልሆነም ይቅር፣ ልዑልቃል... ለምጄዋለሁ።»

ለምጄዋለሁ አለች።

ሐሙስ፣ ጥር ፳፩
ከቅዳሴ ወጣሁ። ጋቢዬን አጥሩ ላይ ጥዬ ኮፈኑን ከፈትሁ። ተራዋን ጨርሳ የመጣችው ወለላ መፍቻውን ልትቀበለኝ እጇን ዘረጋች።

«አሳይኝ እንጂ አትንኪ። ኃጢአት ከሆነ የእኔ ይሁን።»

እያሳየችኝ ፈታሁ። ካንዴላው የተቀመጠበት ጉድጓድ ውሃ አቁሯል።

«አባባ፣ ሞተሩን አጥበኸዋል?»

አላጠብሁም። ነገር ግን በጥምቀት ዕለት፣ ጠበሉ ሲረጭ፣ በረከቱ ይድረሳት ብዬ ኮፈኗን ከፍቼ አቁሜያት ነበር... ነገርኋት። ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ውሃውን በጨርቅ አወጣን፤ ወለላ ገዝታ ያመጣችው አዲስ ካንዴላ ገባ። በዚህ መካከል አያ ይበልጣል ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ቆመ።

«መሪጌታ! አምና በማርያም አንዲት ሚስማር ብመታ በሰው ፊት አልገሠጹኝም?»
«ገሥጫለሁ።»
«ታዲያ ይኼ ምንድን ነው?»
«ሥራ ነው።»

መንገደኛው ሁሉ ሰማ። ጆሮዬ ጋለ። ሞተሩ ግን ተነሣ፤ አልተንቀጠቀጠም። ወለላ ምልክቱን በስልኳ አጠፋችው፤ ዳባት ደርሼ እስክመለስም አልበራም። ይርገዱ ከጎኔ ተቀምጣ መንገዱን ሙሉ እጅጌዬን ይዛ ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥር ፳፫
ትናንት ይርገዱ ዓይኗን ታከመች፤ ዛሬ ፋሻው ተፈታ። እንባዋን እጠርጋለሁ ብዬ ስጠጋ እጄን ያዘች፤ ወደ ዓይኗ አቀረበችው።

«ምነው ጥፍርህ እንዲህ ጠቆረ?»
«የማኪና ቅባት ነው። አልለቅ አለኝ።»
«መቼ የሠራኸው?»
«በማርያም።»

ቀና ብላ ፊቴን አየች። «ሸብተሃል» አለች።

ነገ ለንስሓ አባቴ እናገራለሁ። የሚሰጠኝን ቀኖና እቀበላለሁ፤ ስግደቱንም አላጓድልም። ጸጸቱን ግን... ፈለግሁት። አላገኘሁትም።